ማንም የሚጽፈው ኢንሳይክሎፒዲያ፦ አንድ ስህተት ስንት ቀን ይኖራል?

በ2000 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጂሚ ዌልስ የሚባል አሜሪካዊ ነጋዴ ኑፒዲያ የተሰኘ ነፃ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ጀመረ። ዋና አዘጋጁ ላሪ ሳንገር በፍልስፍና ዶክትሬቱን የሠራ ሰው ነበር። አሠራሩ ለምሁር ጆሮ ደስ የሚል ነው። ጽሑፉን ባለሙያ ይጽፈዋል፣ ሰባት ደረጃ ያለው ግምገማ ያልፋል፣ ከዚያ ይወጣል። ውጤቱስ? ፕሮጀክቱ በ2003 እስኪዘጋ ድረስ ሰባቱንም ደረጃ ጨርሰው የወጡት ጽሑፎች ሃያ ምናምን ብቻ ነበሩ።

ሁለቱ ሰዎች ነገሩ ሲዘገይባቸው አንድ የጎን ሙከራ አደረጉ። ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል ፕሮግራመር በ1995 ማንኛውም ጎብኚ ገጹን እዚያው እንዲያስተካክል የሚፈቅድ ሶፍትዌር ሠርቶ «ዊኪ» ብሎት ነበር፤ በሃዋይኛ «ፈጣን» ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሶፍትዌር ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ዊኪፒዲያ ተከፈተ። ለኑፒዲያ ረቂቅ ማዘጋጃ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ጓዳ ዓመቱ ሳያልቅ በ18 ቋንቋዎች ወደ 20 ሺህ ጽሑፍ ይዞ ዋናውን ቤት ዋጠው።

እንግዲህ እንደ መሐንዲስ ስናየው ይሄ መሥራት የሌለበት ነገር ነው። መግቢያው ክፍት፣ ጥበቃ የለው፣ መታወቂያ አይጠየቅ። ግን ሠራ። ለምን ሠራ የሚለውን በደንብ ከተረዳን የት ቦታ ላይ እንደማይሠራም አብሮ ይታየናል፤ የአማርኛው ጉዳይም ያለው እዚያው ላይ ነው።

የስህተት ዕድሜ

የዊኪ ዋና ምስጢር የሰዎች ቅንነት አይደለም። ማበላሸት ርካሽ ነው፣ ማስተካከል ግን ከዚያም የረከሰ ነው። እያንዳንዱ የገጽ ቅጂ ስለሚቀመጥ አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ያበላሸውን ሌላው በአንድ ጠቅታ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በግድግዳ ላይ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው ባለቤቱን ግድግዳ ያስቀባዋል። እዚህ ግን ወጪው የተገለበጠ ነው።

ይህ የሚሆነው ግን ስህተቱን የሚያይ ሰው ካለ ነው። እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ገጽ በቀን 10,000 አንባቢ አለው እንበል፤ ከ1,000 አንባቢ ደግሞ አንዱ ስህተቱን አይቶ ለማረም ይነሳል እንበል። በቀን በአማካይ አሥር አራሚ ይመጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ አንድ ስህተት በአማካይ 2.4 ሰዓት ብቻ ይኖራል። አሁን ሌላውን ቁጥር ሳንነካ አንባቢውን በቀን ወደ 5 ዝቅ እናድርገው። የስህተቱ አማካይ ዕድሜ 200 ቀን ይሆናል። ያውም አማካይ ነው እንጂ ገደብ አይደለም። አራሚዎች በዘፈቀደ የሚመጡ ከሆነ 200 ቀን አልፎትም ስህተቱ ያለመነካቱ ዕድል 37 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ400 ቀን በኋላም ወደ 13 ተኩል በመቶ። ቁጥሮቹ እኔ ለምሳሌ የወሰድኳቸው ናቸው፣ ግንኙነቱ ግን እውነት ነው። ሶፍትዌሩ ያው፣ ሕጉ ያው፣ የሰው ጨዋነት ያው፤ የተለየው የዓይን ብዛት ብቻ ነው።

ይህን በእጅ ይዘን ሁለት የ2005 ክስተቶችን ጎን ለጎን እንያቸው። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ላይ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ርዕሶችን መርጦ የዊኪፒዲያንና የብሪታኒካን ጽሑፍ ለባለሙያዎች ሰጠ። ባለሙያዎቹ በዊኪፒዲያ 162፣ በብሪታኒካ 123 ስህተት ቆጠሩ። በየጽሑፉ አራት ለሦስት እንደማለት ነው። ከባድ የሚባሉት ስህተቶች ደግሞ እኩል አራት አራት ሆኑ። ብሪታኒካ አሠራሩን ተቃውሞ ረዘም ያለ መልስ አወጣ፤ ኔቸርም ከውጤቱ አላፈገፈገም። እኔን የሚገርመኝ ግን የዊኪፒዲያ መቅረብ ሳይሆን ብሪታኒካም በየጽሑፉ ሦስት ስህተት ያህል መያዙ ነው። የታተመ ነገር አይሳሳትም ብለን ያደግን ሰዎች እኮ ነን።

ሁለተኛው ክስተት ተቃራኒው ነው። ጆን ሳይገንታለር በሮበርት ኬኔዲ ሥር ያገለገሉ፣ በኋላም የታወቁ ጋዜጠኛ የነበሩ ሰው ናቸው። በ2005 ሜይ ላይ አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ ስለ እሳቸው ገጽ ከፈተና በሁለቱ ኬኔዲዎች ግድያ ተጠርጥረው እንደነበር፣ ለዓመታት ሶቪየት ኅብረት እንደኖሩ ጻፈ። ሁሉም ውሸት ነው። ከአራት ወር በላይ ማንም ሳይነካው ቆየ። ሰውየው ራሳቸው ጉዳዩን በጋዜጣ ሲያወጡት ዊኪፒዲያ ስሙን ያላስመዘገበ ሰው በእንግሊዝኛው ላይ አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ከለከለ።

የሳይንስ ርዕስ ብዙ አንባቢ አለው፤ የጡረተኛ ጋዜጠኛ ገጽ የለውም። ሁለቱም ውጤቶች ከአንድ ቀመር ይወጣሉ። «ዊኪፒዲያ ይታመናል ወይስ አይታመንም?» የሚለው ጥያቄ ስለዚህ መልስ የለውም። ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው ገጽ ነው፣ በቀን ስንት ሰው ያየዋል፣ ከሚያዩት ውስጥስ ስንቱ ነገሩን ያውቃል ነው።

በእርግጥ አሁን ሰው ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። በእንግሊዝኛው ላይ ከ2010 ጀምሮ ክሉቦት ኤንጂ የሚባል ሮቦት ፕሮግራም ይሠራል። በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ የሰለጠነ ሲሆን ስድብና የዘፈቀደ ፊደል የጻፈውን ሰው ሥራ በሰከንዶች ውስጥ ይመልሰዋል። ሮቦቱ የሚይዘው ግን ብልግናን ነው። በጨዋ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ውሸት፣ ለምሳሌ አንድን የተወለደበትን ዓመት በሁለት ቀንሶ መጻፍ፣ ምንም አይሸተውም። ሮቦቱ አላፊ አግዳሚውን ባለጌ ሲያጠራ የቀረው የታጠበ ውሸት ብቻ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው።

ክብ የሚሠራ ማስረጃ

የታጠበ ውሸት ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ደስ የሚል (ከሆነ) ታሪክ አለ። ኮአቲ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ የሚኖር፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ ትንሽ እንስሳ ነው። በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ለጨዋታ ብሎ የኮአቲ ገጽ ላይ «የብራዚል አዋልዲጌሳ ተብሎም ይጠራል» የሚል ሐረግ ጨመረ። አዋልዲጌሳ እኛው አገር ጉንዳንና ምስጥ ቆፍሮ የሚበላው፣ ከአፍሪካ ውጭ የማይገኘው እንስሳ ነው፤ ከኮአቲ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። ግን ሐረጉን ያነሣው አልነበረም። ዓመታት ሲያልፉ የእንግሊዝ ጋዜጦች ስሙን ተጠቀሙበት፤ መጽሐፍ ውስጥም ገባ። ከዚያ ወዲያ ዊኪፒዲያ ላይ ለሐረጉ ማስረጃ ሲፈለግ ጋዜጣው ተጠቀሰ። ጋዜጣው ከየት አመጣው? ከዊኪፒዲያ።

በቁጥጥር ምህንድስና አንድ ሥርዓት የራሱን ውጤት እንደ አዲስ ግብዓት ሲቀበል ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ማይክሮፎን ከድምፅ ማጉያው ፊት ሲቆም የሚወጣውን ጩኸት አስቡት። የዊኪፒዲያ ሕግ «ከራስህ አትጻፍ፣ የታተመ ምንጭ ጥቀስ» ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። የሚሠራው ግን ምንጩ ከዊኪፒዲያ ነፃ ከሆነ ብቻ ነው፤ ጋዜጠኛው ደግሞ ሥራ በዝቶበታል፣ ጉግል ያደርጋል፣ መጀመሪያ የሚመጣለትን ይወስዳል። ይህን ክብ ልብ በሉት፤ ወደ መጨረሻው ላይ በጣም አድጎ ይመለሳል።

ይኸው «የታተመ ምንጭ» የሚለው ሕግ ሌላ ፊትም አለው። ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ በ2018 የኖቤል ሽልማት ሲያሸንፉ ዊኪፒዲያ ላይ ገጽ አልነበራቸውም። አብረዋቸው የተሸለሙት ጄራር ሙሩ ግን ነበራቸው። ስለ እሳቸው የተጻፈ ረቂቅ በዚያው ዓመት፣ ከሽልማቱ ወራት ቀደም ብሎ፣ በቂ ምንጭ የለውም ተብሎ ውድቅ ተደርጎ ነበር። ያጣራው ሰው ክፉ ሆኖ አይመስለኝም፤ ሕጉን ነው የተከተለው። ጋዜጦች ስለ ሴት ሳይንቲስቶች ካልጻፉ ኢንሳይክሎፒዲያውም አይጽፍም። የሌሎችን ዝምታ ቀድቶ ያስቀምጣል። በጽሑፍ ያልተቀመጠ ዕውቀት ያላቸው ማኅበረሰቦች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የገዳ ሥርዓትን ወይም የጠላ አጠማመቅን ከሚያውቁት ሰዎች ስንቶቹ ናቸው በጆርናል ያሳተሙት? በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ በቃል የተነገረን ነገር በድምፅ ቀድቶ እንደ ምንጭ ለመጥቀስ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ ክርክር አስነሳና እንደ አጠቃላይ አሠራር ሳይያዝ ቀረ።

ትንንሾቹ ቤቶች

ዊኪፒዲያ ከ300 በላይ ቋንቋዎች አሉት። አንድ ድርጅት የሚያስተዳድራቸው ቢሆኑም እያንዳንዱ የራሱ አስተዳዳሪና የራሱ ሕግ ያለው የየራሱ ቤት ነው። እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ይዟል። ስለ ዊኪፒዲያ የሚጻፈው ጥናት ሁሉ ማለት ይቻላል ስለዚህ ትልቅ ቤት ነው፤ ቅድም ያሰላነው 2.4 ሰዓትም እዚያ ነው የሚሠራው። 200 ቀኑ የሌሎቹ ነው።

በ2020 የሆነውን እንይ። ስኮትስ በስኮትላንድ የሚነገር፣ ከእንግሊዝኛ ጋር የሚቀራረብ ቋንቋ ነው። የስኮትስ ዊኪፒዲያ ከያዛቸው ጽሑፎች ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ የሚሆኑትን የጻፈው ቋንቋውን የማይናገር አንድ አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ሥራውን ሲጀምር ገና ልጅ ነበር። እንግሊዝኛውን ወስዶ ከኢንተርኔት መዝገበ ቃላት እያየ ቃል በቃል ይተካ ነበር። ክፋት አልነበረውም፤ እንዲያውም ቋንቋውን የረዳ መስሎታል። ግን ለዓመታት «ስኮትስማ የተበላሸ እንግሊዝኛ ነው» ለሚሉ ሰዎች ትልቁ ማስረጃ ሆኖ የኖረው ይኸው ድረ ገጽ ነው።

በክሮኤሽያኛው ደግሞ ችግሩ የፖለቲካ ነበር። ጥቂት አስተዳዳሪዎች ተደራጅተው ቤቱን ለአሥር ዓመት ያህል ያዙት፤ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ታሪክ በራሳቸው መንገድ ጻፉት፤ የተቃወማቸውን አገዱ። ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2021 ባወጣው ሪፖርት ይህን በዝርዝር አስቀምጦታል። ትንሽ ቤት በአምስት በስድስት ሰው ሊያዝ ይችላል።

በጽሑፍ ብዛት ከእንግሊዝኛው ቀጥሎ ሁለተኛ የትኛው ይመስላችኋል? ጀርመንኛ? ፈረንሳይኛ? በፊሊፒንስ የሚነገረው ሴብዋኖ ነው፤ ወደ 6 ሚሊዮን ጽሑፍ። አብዛኛው ስቬርከር ዮሃንሰን የተባለ ስዊድናዊ በሠራው ኤልኤስጄቦት በሚባል ፕሮግራም ከመረጃ ቋት እየተቀዳ የተፈበረከ ነው። ስለ አንድ ኮረብታ፣ ስለ አንድ ጥንዚዛ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ በሚሊዮን ጊዜ ሲባዛ። የሴብዋኖ ተናጋሪ ልጅ ለትምህርቱ የሚፈልገው ገጽ ከዚያ ክምር ውስጥ ይገኛል ማለት ግን አይደለም። የጽሑፍ ብዛት እንደ መለኪያ ዋጋ የለውም የምለው ለዚህ ነው።

የእኛው «ውክፔዲያ»

የአማርኛው ራሱን የሚጠራው «ውክፔዲያ» ብሎ ነው። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ጽሑፍ አለው። ቋንቋውን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው እንደሚናገረው ስናስብ በጣም ትንሽ ነው፤ ከነዚያም ውስጥ ብዙው ከአንድ አንቀጽ አይዘልም። ለዚህ ምክንያት ሲጠየቅ ሁሌ የሚሰጠው መልስ «ኢንተርኔት ውድ ነው፣ ሰውም አይጽፍም» የሚል ነው። እውነትነት አለው። የተማረው ሰው እንግሊዝኛውን አንብቦ ስለሚጠግብ አማርኛው ላይ የሚጎድለው ነገር አይታየውም፤ እንግሊዝኛ የማያነበው ደግሞ እዚያ ድረስ ገብቶ የሚጽፍበት መንገድ አላገኘም። ግን ከሰው ስንፍና ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው የቴክኒክ ችግሮችም አሉ፤ እነሱ ብዙ ስለማይነሱ ትንሽ ልቆይባቸው።

አንደኛው ፊደላችን ነው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ሰው በስንት መንገድ ሊጽፈው ይችላል? የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ይጻፋል፤ ስድስት ነው። «ሥ» በሁለት፣ «ሴ»ም በሁለት። 6 በ2 በ2፣ ሃያ አራት። ሁለቱን ቃላት ገጥሞ የሚጽፍም አለ፤ አርባ ስምንት። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ አንድ ስም የሆነው ነገር ለእኛ ኮምፒውተር አርባ ስምንት የተለያዩ ገመዶች ነው። ፍለጋው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተደረገ በስተቀር ገጹ እያለ «አልተገኘም» ይባላል፤ ፈላጊው ገጹ የለም ብሎ ያስባል፤ ትጉህ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል። ከዚያ ስለ አንድ ሰው ሁለት ግማሽ ጽሑፍ ይኖራል፤ ያቺው ትንሽ አንባቢም ለሁለት ትከፈላለች። ይሄ የአንድ የዲግሪ ማሟያ ፕሮጀክት ያህል ሥራ ነው፤ ትልቅ ምርምር አይጠይቅም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ እኔ በጣም የምፈራው ይህንን ነው። ንጉሡ ከሥልጣን የወረዱት ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974፣ ማለትም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ማሽን የእንግሊዝኛውን ቀን ወስዶ «መስከረም 12 ቀን 1974 ዓ.ም.» ብሎ ቢተረጉመው ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ነው፣ ያምራል፣ ግን ሰባት ዓመት ከአሥር ቀን ተሳስቷል። ማንም ሮቦት አይነቃበትም። ከዚህ የባሰም አለ። ምንጩ ወሩን ሳይናገር «በ1974» ብቻ ካለስ? እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ ያለው በእኛ 1966 ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው 1967። መረጃው ከምንጩ ስለሌለ የትኛውም ቀመር አይመልሰውም። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ብቻ ነው መፍትሔው፤ ይህን ደግሞ ብዙው ጸሐፊ አያደርገውም፣ ከነጭራሹም የትኛውን እንደተጠቀመ አይናገርም። የሰዓቱ ስድስት ሰዓት ልዩነት ሲጨመርበት አስቡት።

ሦስተኛው አክብሮት ነው። እንግሊዝኛው ስለ ወንድ ሁሉ አንድ ግሥ አለው። አማርኛ «ተወለደ» ወይስ «ተወለዱ» የሚለውን እንድትመርጥ ያስገድድሃል። ልብ ብላችሁ ከሆነ እኔም እዚሁ ጽሑፍ ላይ ዌልስን «ጀመረ» ብዬ ሳይገንታለርን «ያገለገሉ» ብያለሁ። ለምን? ዕድሜ፣ ክብር፣ የጆሮ ልማድ፤ የተጻፈ ሕግ የለውም። ኢንሳይክሎፒዲያ ገለልተኛ መሆን አለበት ይባላል። አንድን ንጉሥ «ሞተ»፣ ሌላውን «አረፉ» ያለ ጽሑፍ ግን ገና ከግሡ ወገን ይዟል።

ክቡ ሲያድግ

አሁን ቅድም ልብ በሉት ወዳልኩት ክብ እንመለስ። ዛሬ የዊኪፒዲያ ትልቁ አንባቢ ሰው ሳይሆን ማሽን እየሆነ ነው። በ2018 ጉግል ያወጣው በርት የተባለው የቋንቋ ሞዴል ከሠለጠነበት ጽሑፍ ውስጥ 2.5 ቢሊዮን ቃል የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ነበር። የዚሁ ሞዴል ባለ ብዙ ቋንቋ ስሪት ደግሞ ትልልቅ ዊኪፒዲያ ያላቸው 104 ቋንቋዎች ተመርጠው የተሠራ ነው። አማርኛ አልገባም። መዝገበ ቃላቱ ፊደላችንን ስላልያዘ አማርኛ ስትሰጠው የሚያየው «የማይታወቅ» የሚል አንድ ምልክት ብቻ ነው። ሙሉ ልብ ወለድ ብትሰጠው «የማይታወቅ፣ የማይታወቅ፣ የማይታወቅ» እያለ ያነበዋል። ኢንሳይክሎፒዲያ ማነስ የአንባቢ ጉዳት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ ቋንቋው ከመሣሪያው ውጭ ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሞዴሎች አማርኛን ይጽፋሉ። እና አሁን ችግሩ ተገለበጠ። በማሽን መተርጎም ቀላል ስለሆነ ባዶ ቤት በአንድ ሌሊት መሙላት ይቻላል። የሚሞላው ግን ማነው? የግሪንላንድ ሕዝብ 57 ሺህ ገደማ ነው። የቋንቋቸው ዊኪፒዲያ ጽሑፎች አብዛኞቹ ቋንቋውን በማይናገሩ ሰዎች፣ በኋላም በማሽን ትርጉም የተጻፉ መሆናቸው ሲታወቅ በ2025 እንዲዘጋ ተወሰነ። ያስጠይቃል፤ አንድ ቋንቋ በኢንተርኔት ላይ ያለው ትልቁ የጽሑፍ ክምችት እንደዚህ ከሆነ ቀጣዩ የትርጉም ማሽን የሚማረው ከምንድን ነው? ከበፊቱ ማሽን ስህተት ነዋ። አዋልዲጌሳው አንድ ሐረግ ነበር፤ ይሄ ሰዋስው ነው። «ሴፕቴምበር 12»ን «መስከረም 12» ብሎ መተርጎም በሺህ ገጽ ላይ ከተደጋገመ ለቀጣዩ ሞዴል ትክክለኛው እሱ ይሆናል።

እንግሊዝኛው ቤትም ሰላም አይደለም። ንቁ አዘጋጆቹ በ2007 ወደ 51 ሺህ ደርሰው በ2013 ወደ 31 ሺህ ወርደው ነበር። ጥናቶች እንዳሳዩት አንዱ ምክንያት ያ ሁሉ ጥበቃ፣ ሕጉም ሮቦቱም፣ ጀማሪውን ከባለጌው ጋር አብሮ መምታቱ ነው። በኦክቶበር 2025 ፋውንዴሽኑ የሰው ጉብኝት ከዓመቱ በፊት ከነበረው በ8 በመቶ ያህል መቀነሱን አስታውቋል፤ ሰዎች መልሱን ከፍለጋው ገጽና ከቻትቦቱ ስለሚያገኙት ወደ ምንጩ አይገቡም። በዚያው ወር የኢሎን መስክ ኤክስኤአይ ግሮኪፒዲያን ከፈተ፤ ገጾቹን የሚያዘጋጀው ማሽን ነው፣ አንባቢ እርማት ሊጠቁም ይችላል እንጂ ራሱ ገብቶ አያርምም። ከገጾቹም ብዙዎቹ ከዊኪፒዲያው የተወሰዱ ናቸው። ቅድም በሠራነው ሒሳብ ብናየው ማሽን በሚጽፈው ኢንሳይክሎፒዲያ የጽሑፉ ብዛት ያድጋል፣ «ከ1,000 አንዱ» ያልነው አራሚ ግን በሩ ላይ ይቀራል።

ጎብኚ ሲቀንስ ምን እንደሚሆንም ሒሳቡ ይናገራል፦ የእያንዳንዱ ስህተት ዕድሜ ይረዝማል። ቻትቦቱ ከዊኪፒዲያ የወሰደውን ስህተት ያየ ሰው «ይሄ ልክ አይደለም» ቢልም የሚያርመው የራሱን ውይይት ብቻ ነው፤ ገጹ እንዳለ ይቀመጣል።

ቀጥሎስ?

ከተጀመሩት ሥራዎች ውስጥ ለትንሽ ቋንቋ ይበጃል ብዬ የማስበው አንድ አለ። ዊኪዳታ የሚባለው ከ2012 ጀምሮ ያለ የጋራ የመረጃ ቋት ነው፤ የአንድ ከተማ ከንቲባ ሲቀየር አንድ ቦታ ላይ ታስተካክላለህ፣ ከዚያ የሚቀዱት ቋንቋዎች ሁሉ ያገኙታል። (ምንጩ እስካለ ድረስ። ኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ የወረዳዎቻችንን ሕዝብ ቁጥር የትኛውም ቋት አያድሰውም።) የዊኪዳታ ጀማሪ ዴኒ ቭራንዴቺች ሐሳቡን አሳድጎ አብስትራክት ዊኪፒዲያ የሚል ፕሮጀክት በ2020 አስጸደቀ። ጽሑፉ በምንም ቋንቋ ሳይሆን በትርጉም ንድፍ ይቀመጣል፤ «ዋና ከተማ፦ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ» እንደማለት። ከዚያ ለየቋንቋው የተጻፉ ተግባራት ንድፉን ወደ ዓረፍተ ነገር ይቀይሩታል። ተግባራቱ የሚጻፉበት ዊኪፈንክሽንስ የሚባለው ቤት በ2023 ተከፍቷል።

ከማሽን ትርጉም የሚለየው ግምት የሌለበት መሆኑ ነው። ቀኑን የሚቀይረው ተግባር አንዴ በትክክል ከተጻፈ ሴፕቴምበር 12 ሁልጊዜ መስከረም 2 ይሆናል (ወይም በአራት ዓመት አንዴ መስከረም 1፤ ይህንንም ያውቃል)። ወሩ ካልታወቀ «1966 ወይም 1967» ብሎ ይጽፋል እንጂ አንዱን አይፈጥርም። ስህተትም ከተገኘ አንድ ቦታ ላይ ታርሞ በሁሉም ገጽ ላይ ይስተካከላል፤ የትንሽ ቤት አምስት አንባቢ የአምስት ሺህ ያህል ይሠራል ማለት ነው። ለአማርኛ ይህን የሚጽፍ ሰው የግሥ ርባታችንን ከነሥሩ ማወቅ አለበት፣ ኮድም መጻፍ አለበት፤ ሁለቱን የያዙ ሰዎች ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተርና የሥነ ልሳን ክፍሎች ውስጥ አሉ፣ በብዛት ግን አይገናኙም።

«ተወለደ» ወይስ «ተወለዱ» የሚለው ግን በንድፉ ውስጥ ቦታ የለውም። ለንጉሥ፣ ለጳጳስና ለሼክ «ተወለዱ»፣ ለእግር ኳስ ተጫዋች «ተወለደ» የሚል ሕግ ልንጽፍለት እንችላለን። ተጫዋቹ ሰባ ዓመት ሲሞላውስ? አትሌቱ በኋላ ሚኒስትር ከሆነስ? ማሽኑ አንድ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱን ደግሞ በውክፔዲያ የውይይት ገጽ ላይ ተከራክሮ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል።